እናታችን የለያየችን ቀን

እናታችን በእኛ በመንታዎቹ ላይ አንድ ሕግ ነበራት። ለአንዱ የተደረገ ለሌላው ካልተደረገ ያኛው ይታመማል፣ ወይ ይቀየማል ባይ ናት። ወንድሜን ወባ ሲይዘው ኪኒኑን ለእኔም ታስውጠኛለች። "እማዬ፣ እኔን እኮ ምንም አላመመኝም!" ብዬ ስጮህ አፍንጫዬን ይዛ ውኃውን ታንቆረቁርብኛለች። እኔ ብርጭቆ ሰብሬ ስገረፍ ደግሞ እሱ ምንም ሳያጠፋ ድርሻውን ይቀምሳል። ግራና ከተማ ገበያ ወርዳ አንድ ዓይነት ሸሚዝ ሁለት ካጣች ባዶ እጇን ትመለሳለች እንጂ አንዳችንን ብቻ አታለብስም። በከተማችን በመርሳ ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅባት ነበር። "አንድ ላይ የመጡትን እኔ ምን ብዬ ልለያቸው?" ትላለች።

አባታችን የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው፣ እሱም እኛ ሳናድግ ሞተ። ሦስት ታላላቅ ወንድሞቻችን አግብተው ወጥተዋል። አሁን እኔ ወልድያ ባጃጅ እነዳለሁ፣ ወንድሜ እዚያው ሞባይል ይጠግናል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መርሳ እናታችን ዘንድ እንገባለን። መልካችን እስከ ዛሬ ሰው ያምታታል። ስንቱ ነው ባጃጄን አስቁሞ "ስልኬ ደረሰ ወይ?" የሚለኝ!

መርሳ ውስጥ የምወዳት ልጅ ነበረች። ላገባት እንደምፈልግ ለእናቴ ስነግራት እልልታዋ ለብቻው ሠርግ ነበር። የአባታችን እህት፣ አክስታችን፣ ይህን ሲሰሙ የራሳቸውን ጨመሩበት። "ልጅቱ ታናሽ እህት አለቻት፤ ሁለቱን ለሁለቱ፣ በአንድ ድንኳን!" አሉ። እናቴ ከዚህ የበለጠ ምን ትፈልጋለች? ሽማግሌ የሚላክበት እሑድ ወዲያው ተቆረጠ። ወንድሜን የጠየቀው ሰው የለም።

በዚያው ሰሞን ከወልድያ ስንመለስ ሲሪንቃ ላይ ዝናብ ወረደብንና ባጃጁን ዳር አስይዤ ቆምኩ። ወንድሜ ከኋላ ሆኖ "እኔ አላገባም" አለኝ።

"ልጅቱ አላማረችህም?"

"እሷ ምን አደረገች? ልቤ ወደ ሴት ሄዶ አያውቅም። ወደ ወንድ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ካስገደዳችሁኝ በንጋቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አታገኙኝም።"

ተናደድኩ። "ዘጠኝ ወር ሙሉ አንድ ሆድ ውስጥ ተጣጥፈን ከርመን፣ ይህን እስከ ዛሬ ሳትነግረኝ?" አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ አለቀሰ። እኔ ደግሞ ፈራሁ። በአገራችን እንዲህ ያለ ወሬ አንዴ ከወጣ ዱላም አለው፣ እስርም አለው። ከሁሉ የባሰብኝ ግን የንጋቱ አውቶቡስ ነው። እሱ ከጠፋ፣ ጢሜን ስላጭ መስታወት ውስጥ የማየው ማንን ነው?

ለእናታችን አብረን ነገርናት፣ የንጋቱን አውቶቡስም ጭምር። መሬት ላይ ዘፍ አለች። በሯ ክፍት ነበርና አክስታችን ደርሰው ኖሮ ሰምተውታል። "በስመአብ! አንቺ ነሽ!" አሉ፣ ጣታቸውን ቀስረው። "አባት ቤት በሌለበት በቀሚስሽ ሥር ሸጉጠሽ አቅብጠሽ ያሳደግሽው አንቺ ነሽ!" እናቴም አመነቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልበላላት አለ።

እኔ መቼም ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። አንዲት ባዮሎጂ አስተማሪ ደንበኛ ነበረችኝና፣ አንድ ቀን ባጃጁ ውስጥ ብቻችንን ስንሆን "ለአንድ ጓደኛዬ ነው" ብዬ የወንድ ልብ ወደ ወንድ የሚሄደው ከምን እንደሆነ ጠየቅኋት። በመስታወቱ አየችኝ፤ ያመነችኝ አይመስለኝም፣ ግን መለሰችልኝ።

"ሳይንሱም ገና ሙሉ በሙሉ አልደረሰበትም" አለች። "በዘር የሚመጣ ነገር አለበት፣ ገና በማህፀን ሳለ የሚሆንም አለበት ይላሉ። ታላላቅ ወንድሞች ባሉት ወንድ ልጅ ላይ ዕድሉ ትንሽ ከፍ ይላል የሚሉም አሉ። እናት አቅብጣው ነው፣ አባት ርቆት ነው የሚለውን ግን ማስረጃ አልደገፈውም።"

"መንታ ከሆኑስ?"

"ፍጹም አንድ ዓይነት መንታ ሆነው እንኳ አንዱ እንዲያ ሆኖ ሌላው ላይሆን ይችላል። ጓደኛህን ማንም እንዳላበላሸው ንገረው።"

እየከነፍኩ መርሳ ገባሁና ለእናቴ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። እሷ ከዚያ ሁሉ የሰማችው "ማህፀን" የምትለዋን ብቻ ነው። "አላልኩም? የእኔው ሆድ ነው!" ብላ ደረቷን መታች። ወይ እኔ! ላድናት ሄጄ ጭራሽ ቁስሏን ነካካሁት።

በማግሥቱ ጠበል እንሂድ አለች። ወንድሜ እሺ አለ። ነጠላዋን እያጣፋች ወደ እኔ ዞር ብላ "አንተም ተነስ" አለችኝ።

"እኔ ደግሞ ምን ሆንኩ?"

"ዝም በል! አንተን ብተውህ ተመልሶ ቢጋባበትስ?"

አጥማቂው ሁለታችንንም አየና "ሕመምተኛው የትኛው ነው?" አለ። "ሁለቱም" አለች እናቴ፣ ያለ ምንም ማወላወል። ውኃው አጥንት ይሰብራል። እኔ እየዘለልኩ ስጮህ ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ ይለምን ነበር። "እባክህ አምላኬ፣ እንደ ወንድሜ አድርገኝ" ሲል ጆሮዬ ገባ። እኔ ማን ሆኜ ነው እንደኔ መሆንን የሚለምነው? ፊቴን በውኃው መታሁ፣ ለቅሶዬ እንዳይታይ።

ከወጣን በኋላ ጋቢ ተጠቅልለን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል። እናቴ ልብሳችንን ትጨምቃለች። አልቻልኩም፣ ፈነዳሁ።

"እማዬ! ለእሱ ሰጥተሽ እኔን የነፈግሽኝ አንድ ነገር ንገሪኝ።"

"ነፈግኩህ? አንተን?" ተቆጣች። "ጡት ነው? አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ይዤ አይደል ያጠባሁ? ኪኒኑን? ሸሚዙን? ዱላውንስ ቢሆን መች አዳላሁ?"

"አቅብጠሽዋል ወይ?"

"ካቀበጥኩ ሁለታችሁንም ነዋ!"

"አባቴስ እኔ ዘንድ ያድር ነበር?"

"የት አድሮ! ለሁለታችሁም አልነበረም። ታላላቆቻችሁም ያው፣ የተሸከምኳችሁ ሆድም ያው..." ብላ ቆመች። እርጥቡ ሸሚዝ እጇ ላይ ይንጠባጠባል። ወደ እሱ አየች፣ ወደ እኔ አየች። "ታዲያ እኔ አይደለሁም?" አለች፣ እንደ ልጅ በሆነ ድምፅ።

"አይደለሽም!"

ወንድሜ ከጋቢው ውስጥ ቀስ ብሎ "እኔም አይደለሁም፣ እማዬ" አላት።

ሸሚዙን ጥላ ወንድሜን አቀፈችው። "የኔ ልጅ፣ ምን አጥፍተህ ነው እንዲህ ብርድ ያስመታሁህ?" እያለች ሰው ይሰማኛል ሳትል አለቀሰች። እኔንም እጄን ጎትታ አስገባችኝ፤ መቼም ሕጓ ሕግ ነው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ከእኛ ቤት ሊነሱ ተሰብስበዋል። አክስታችን ወንበራቸውን አደላድለው "እንግዲህ የምትጠይቁት ለሁለቱም ነው" አሉ።

እናቴ ከጓዳ ወጣች። "ለአንዱ ነው" አለች።

አክስታችን "አንቺ? መንታ ልትለዪ?" አሏት።

"ያልፈለገውን ምን ብዬ ላስውጠው፣ እትዬ? ኪኒን መሰለዎት?" ከዚያ ወንድሜ አጠገብ ሄዳ ቆመች። "ይኼኛው ልጄ ከእኔ ጋር ነው። ከቤቴ የትም አይሄድም።"

አንደኛው ሽማግሌ ግራ ገብቷቸው ምክንያቱን ጠየቁ። "ገና አልደረሰም" አለቻቸው። "ከመንታ ወንድሙ አንሶ?" ብለው ሳቁ፤ እኛም ሳቅን፣ ነገሩ በዚያው አለፈ።

አክስታችን የቤተሰብ ስም ነው ብለው አፋቸውን ይዘዋል፤ እግራቸው ግን ከቤታችን ቀርቷል። አገሩም ያው አገር ነው፣ ወንድሜ ዛሬም ቃሉን መርጦ ይናገራል። በሠርጌ ሚዜ ሆነ። እናታችን ገበያ ይዛው ወርዳ "ደስ ያለህን ምረጥ" ብትለው እኔ የማልነካውን አረንጓዴ ሸሚዝ መረጠ፤ ገዛችለት።

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ መርሳ ይገባል። እሑድ ጠዋት የንጋቱ አውቶቡስ ጥሩንባውን እያስጮኸ በደጃፋችን ያልፋል፤ እናቴ ቀድማ ትነቃና ወደ መኝታው ታያለች። ወንድሜ ያንኮራፋል።