ፍየሎቹ የበሉት ዓመት

ሀርጌሳ ከሰዓት በኋላ ታንቀላፋለች። ሱቁ ይዘጋል፣ መኪናው ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ንፋሱ ብቻ አቧራ ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። ያንን ሰዓት እኔ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ሃያ ስድስት ጁን በሚሉት ሰፈር፣ በአንዲት ትንሽ ኮሌጅ በር ላይ፣ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጬ ስንት ዓመት አሳልፌዋለሁ።

ያ ሰዓት የሴቶቹ ሰዓት ነበር። ልጆቻቸውን አብልተው ለእናት ወይ ለጎረቤት ሰጥተው፣ የከሰዓቱን ክፍል ለመማር ይመጣሉ። ከሩቅ ሳያቸው እግራቸው መሬት የሚነካ አይመስለኝም ነበር። ሙቀቱ ከሥራቸው ይንቀጠቀጣል፣ እነሱ ቀስ ብለው በውኃ ላይ የሚሄዱ ይመስላሉ። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን እንደዚያው ሆነው ነው የሚመጡልኝ።

እኔ ወደዚያ አገር የሄድኩት ለልስን ሥራ ነው። የወሎ ሰው ነኝ፤ ልስን ደግሞ እጄ ያውቀዋል። ከተማው ያኔ ከጦርነቱ ገና እየተነሣ ነበር፤ ጣሪያ የሌለው ቤት፣ በር የሌለው ግቢ፣ ጥይት የቦረቦረው ግድግዳ ነበር የሚበዛው። ያቺን ኮሌጅ ከውስጥም ከውጭም እኔ ነኝ የለሰንኳት። ሥራው ሲያልቅ ኃላፊው፣ ቀድሞ የሒሳብ አስተማሪ የነበረ ቀጭን ሰው፣ ግድግዳውን በእጁ ዳሰስ ዳሰስ አደረገና፣

«አዴር፣ እንዲህ አሳምረህ ከሠራኸው ሌላ ሰው እንዲጠብቀው አልፈቅድም» አለኝ።

አዴር በእነሱ ቋንቋ አጎት ማለት ነው፤ ሽበት ያለውን ሁሉ እንደዚያ ይሉታል። በዚያው ዘበኛ ሆኜ ቀረሁ።

ደብተር ሰጠኝና የሚገባውን ሰው ሁሉ ጻፍ አለኝ። እኔ የተማርኩት መሠረተ ትምህርት ነው፣ እሱንም ክረምት ክረምት። ከፊደላችን ሌላ አላውቅም። የሶማሌ ስም ደግሞ ከጆሮዬ እጄ እስኪደርስ ይጠፋብኛል። ስለዚህ ሰውን በመልኩና በያዘው ነገር ጻፍኩት። እነሱ ዘንድ ይኼ ነውር የለውም፤ አንካሳውን አንካሳ ይሉታል፣ እሱም አቤት ይላል። በየገጹ አናት ላይ ዓመተ ምሕረቱንና ወሩን አሰፍራለሁ፤ ከሥር «ሳቂታዋ መጣች፣ እርጉዟ መጣች፣ ባለ ጃንጥላዋ መጣች» እላለሁ። አንዳንድ ቀን የምጽፈው ሲያልቅብኝ ያየሁትንም እጨምርበታለሁ። ማን ያነበዋል ብዬ!

ከበሩ አጠገብ የተማሪዎች አገልግሎት የሚሏት አንዲት ክፍል ነበረች። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የብረት ቁም ሣጥን፣ አንድ መስኮት፤ ሌላ የላትም። ኃላፊው እዚያ ተቀምጦ ይውላል። በዚያች መስኮት የማይጠየቅ ነገር አልነበረም። የትኛውን ትምህርት ላስቀድም የሚል አለ። በፈተና ሰዓት ሕፃን የት ይቀመጣል የምትል አለች፤ ሕፃኑ እኔ ዘንድ ይቀመጣል። በክር የታሰረ አንድ መነጽርም ነበር። ሰሌዳው የማይታየው ተማሪ ወስዶ ይማርበትና ሲወጣ ይመልሳል። ያ መነጽር ስንቱን አስተማረ!

አንድ ዓመት ዝናቡ በረታና የወረቀቱ ክፍል ጣሪያ አፈሰሰ። የተማሪዎቹ መቆጣጠሪያ፣ ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ አስተማሪዎቹ ምልክት የሚያደርጉበት ወረቀት፣ ራሰ። እኔ አወጣሁና ግቢው ውስጥ አሰጣሁት፤ በየወረቀቱም ላይ ድንጋይ ጫንኩ። ከዚያ የዙህር ሶላት ደረሰና ወደ መስጊድ ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጌ ተውኩት። በአገሬ ፍየል እረኛ አላት። ሀርጌሳ ውስጥ ግን ፍየል ብቻዋን እንደ ሰው መንገድ ለመንገድ ዞራ፣ ካርቶን በልታ፣ ማታ ቤቷ ትገባለች። ይህን እያወቅኩ በሩን አልዘጋሁም።

ስመለስ ሦስት ፍየሎች ቆመዋል። አንዷ የወረቀት ጫፍ ከአፏ ተንጠልጥሎ፣ ምን ፈለግህ በሚል ዓይን አየችኝ። የከሰዓቱ ክፍል የአንድ ዓመት መቆጣጠሪያ ሆዳቸው ገብቷል። ኃላፊው ወጥቶ አየና ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው። ያኔ ማንም ያ ወረቀት ይፈለጋል ብሎ አላሰበም።

ተፈለገ። ትንሽ ቆይቶ በከተማው ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ ከእኛ ኮሌጅ ጋርም ተስማሙ። እኛ ዘንድ ሁለት ዓመት የተማረ ሰው እንደገና ከታች ሳይጀምር ወደ ሦስተኛው ዓመት ይሻገራል። ትራንስፈር ይሉታል። ታዲያ ውጤት ብቻ አይበቃም፤ የሁለቱም ዓመት መቆጣጠሪያ አብሮ መቅረብ አለበት። በዚያ ዘመን ውጤት እንደ ሰላምታ ለሁሉም የሚሰጥበት ቦታ ስለነበረ ይመስለኛል።

ከከሰዓቱ ክፍል ሁለቱንም ዓመት የጨረሰችው ባለ ጃንጥላዋ ብቻ ነበረች። የሦስት ልጆች እናት ናት። ከማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር በእግሯ ትመጣለች፣ አረንጓዴ ጃንጥላ ይዛ። በስደቱ ጊዜ ኢትዮጵያ ድንበር ካምፕ ውስጥ ኖራለችና የገበያ አማርኛ ትችላለች። አንቱ ማለት አታውቅም፤ ግን አዴር ስትለኝ አንቱ ከማለት ይበልጥብኝ ነበር። ትምህርቱን ከጨረሰች በኋላም ከሰዓት ከሰዓት መምጣቷን አልተወችም፤ በመስኮቷ በኩል «ዩኒቨርሲቲዎቹ ምን አሉ?» ትላለች።

አንድ ቀን ኃላፊው፣ «ያንን ዓመት ፍየሎቹ በልተውታል። ቀድመውሽ ትራንስፈር ገብተዋል» አላት። ሊያስቃት ነበር። አልሳቀችም።

ወደ እኔ መጥታ ከወንበሬ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አዴር፣ ልጆቼን የምትይዝልኝ እናቴ ናት። አርጅታለች። ሁለት ዓመት ቢሆን እችላለሁ፤ እሷም ትችላለች። ከታች ጀምሪ ካሉኝ ግን አራት ዓመት ነው። አራት ዓመት እናቴ የላትም።»

አላማረረችብኝም። በሩን ማን ክፍት እንደተወው ታውቃለች፣ ግን አንድ ቃል አልወጣትም። ያ ነው የባሰብኝ። የሚበላ እህል አልታይ አለኝ። በሁለተኛው ቀን ደብተሬን አንሥቼ ወደ ኃላፊው ገባሁ። «ይኼ ሰው የሚገባበትን ቀን ሁሉ ይዟል» አልኩት። ገለጠው፤ አንዲት ፊደል አያውቅም። ቢሆንም ደብዳቤ ጻፈና ሁለታችንንም ወደ ዩኒቨርሲቲው ላከን።

በሚኒባስ ሄድን። መንገዱን ዛሬ ሳስበው ዝም ያለ ሕልም ይመስለኛል፤ ግማሽ የቆሙ ግድግዳዎች፣ በመካከላቸው አዲስ ቀለም፣ ቀለሙ ላይ ፀሐይ። በየቤቱ ልስኑን አያለሁ፤ ይኼ ሲሚንቶ አንሶታል፣ ይኼ ደህና ነው እያልኩ። እሷ ጃንጥላዋን ጭኗ ላይ አስተኝታ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

የሬጅስትራሩ ሹም ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ደብዳቤውን አነበበና፣

«አዴር፣ አንብብልኝ። እሷ አታስተርጉም፤ ጉዳዩ የራሷ ነው» አለ።

የእኔ ሶማሊኛ የሲሚንቶና የአሸዋ ሶማሊኛ ነው። በዚያው አነበብኩለት። «ባለ ጃንጥላዋ መጣች። ባለ ጃንጥላዋ መጣች። ባለ ጃንጥላዋ ልጇ አሞት ቀረች። ባለ ጃንጥላዋ መጣች፣ የጃንጥላዋ አጥንት ተሰብሮ ነበር፣ በሽቦ አሰርኩላት።»

«ባለ ጃንጥላዋ ማን ናት?»

በአገጬ ወደ በሩ አመለከትኩት። ጃንጥላው በሩ ጋ ተደግፏል። ሹሙ ተነሣ፣ ከፈተው፣ ሽቦውን በጣቱ ነካው። የግንበኛ አስተሳሰር ነው፣ እኔ ነኝ የማስረው እንደዚያ። ፈገግ አለና ተመልሶ ተቀመጠ። አለቀልን ብዬ ነበር። ቀጥሎ ግን የገጹን አናት አየ። ፊደሌን ባያውቅ ቁጥሩን ያውቃል። ፊቱ ተለወጠ።

«አዴር፣ ይኼ ምንድን ነው የጻፍከው?»

«ዓመተ ምሕረቱን።»

«በዚህ ዓመት ሀርጌሳ ውስጥ ሰው አልነበረም። ፍየል እንኳ አልነበረም። ሁላችንም ጦርነቱን ሸሽተን ነበር። ኮሌጁን ተወው፣ ጣሪያ ያለው ቤት አልነበረም።»

ያኔ ገባኝ። ያ ቁጥር የአገሬ አቆጣጠር ነው፤ ከእነሱ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ይቀራል። እዚያ ስኖር በዚያው ስጽፍ ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀ።

«ሰምቻለሁ እንዲህ መሆኑን። ግን እኔ ይህን ፋይል ነገ ለሌላ ሰው ማሳየት አለብኝ። ሰባት ዓመት ጨምርበት፣ ስምንት ዓመት ጨምርበት ብዬ በምን አስረዳለሁ?»

መስኮቱ ላይ ዝንብ ትጮኻለች። የተናገረችው እሷ ናት፤ ቀስ ብላ፣ በአማርኛ፣ ለእኔ።

«አዴር፣ በደብተርህ ረመዳን የገባው መቼ ነው?»

ገለጥኩ። «በታኅሣሥ ማለቂያ። ‹ረመዳን ገባ። ብርድ ነው፣ ካፖርት ለበስኩ። ባለ ጃንጥላዋ ጾማ መጣች›» ብዬ አነበብኩ፤ ለሹሙም በሶማሊኛ ደገምኩለት።

እሷ ወደ ሹሙ ዞረች፤ ወላል አለችው፣ በእነሱ ቋንቋ ለወንድምም ለእህትም የሚባል ነው።

«ወላል፣ አንተ በምትለው ዓመት እኔ ካምፕ ነው የጾምኩት። ረመዳን በዚያ ዓመት በብርድ አልነበረም። ሐሩር ነበር፣ ጉ የምንለው የበልግ ዝናብ እየተጠበቀ። ውኃ በቦቴ ነበር የሚመጣው። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ደርሶ ቦቴው ካልመጣ…»

«…በምራቃችን ነው የምናፈጥረው» አለ ሹሙ።

እሱም ያን ረመዳን እዚያው ጾሞት ኖሯል። ከመሳቢያው ወረቀት አወጣና በጣቱ እየቆጠረ ጾሙን ዓመት በዓመት ወደኋላ ወሰደው። ጾም በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ይመጣል። ደብተሬ በእነሱ አቆጣጠር በሚውልበት ዓመት ላይ ሲደርስ በብርዱ ወር ላይ ቆመ። በሸሹበት ዓመት ላይ ሲደርስ በሐሩሩ ላይ ቆመ።

«ጨረቃ አትዋሽም፣ አልሐምዱሊላህ» አለና ማኅተሙን ሳበ። «ሦስተኛ ዓመት ትገቢያለሽ፣ ወላል። ደብተሩ ግን እዚህ ይቀራል፣ ፋይሏ ውስጥ። አዴር፣ እዚህ ጋ በራስህ ፊደል ፈርም።»

ፈረምኩ። ደብተሬን መተዉ እንደ ጥርስ መነቀል ሆነብኝ፤ አልነገርኳቸውም። እሷ ከበሩ ስትወጣ ጃንጥላዋን ረስታ ወጣች፤ እኔ ነኝ ተመልሼ ያመጣሁላት። ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ቆማ ነበር፣ እኔም ወዲያ ዞሬ ትንሽ ጠበቅኋት።

በመመለሻችን ላይ አንድ ሐሳብ ያዘኝ፣ እስካሁንም አለቀቀኝም። ያ ሹም ቁጥሩን ሲያነብ ያየው ነገር ነው የሚታየኝ። በደብተሬ ከሄድን፣ ከተማው ባዶ በነበረበት ዓመት፣ ጣሪያ በሌለው መንገድ፣ በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ ሴቶች ከሰዓት ከሰዓት ሊማሩ ይመጡ ነበር። ሳቂታዋ ትመጣለች፣ እርጉዟ ትመጣለች፣ ባለ ጃንጥላዋ ትመጣለች። ሐሰት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ከሰዓት በኋላ በበሩ ላይ ሳንቀላፋ፣ እንዲህ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ።

ኃላፊው አዲስ ደብተር ሰጠኝ። «በአናቱ ላይ በእኛ አቆጣጠርም ጻፍ፣ ደግሞ በሩን ዝጋ» አለኝ። ሁለቱንም አደረግኩ።

ዩኒቨርሲቲው ትምህርት በጀመረ ቀን እንደ ልማዴ ወንበሬን አውጥቼ ተቀመጥኩ። መንገዱን አየሁ። ሙቀቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሴቶቹ ከሩቅ ይመጣሉ፣ አረንጓዴ ጃንጥላ በመካከላቸው የለም። ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁና የመጀመሪያውን መስመር ጻፍኩ፤ «ባለ ጃንጥላዋ ዛሬ አልመጣችም» ብዬ። ስንት ዓመት ስጽፍ እንደዚያ ቀን እጄ ቀልሎኝ አያውቅም።