የሰማያዊዋ ፔጆ የኋላ በር

ባለፈው ቅዳሜ የሰም ቆርቆሮ ስከፍት፣ ክዳኑ ገና በወጉ ሳይነሳ ሽታው አፍንጫዬን ያዘው፤ ያ ናፍጣም ያልሆነ፣ ማርም ያልሆነ፣ በመሃላቸው ያለ ሽታ። ከፊቴ አንዲት አሮጌ ነጭ ፔጆ ቆማለች። ባለቤቷ ከጉደር መጥቶ፣ ምሳ በልቼ እስክመለስ ወልውልልኝ ብሎ ቁልፉን ወርውሮልኝ ሄዷል። የመወልወያ ማሽኑን ሶኬት ላይ ሰክቼ ቆርቆሮውን እንደያዝኩ ቀረሁ። እኔ ትዝታ ምናምን የምወድ ሰው አይደለሁም። ድሮ ጥሩ ነበር የሚለኝን ሰው፣ ድሮ የት ነበርክ እለዋለሁ፤ ድሮ ርሃብ ነበር፣ ጭቃ ነበር፣ እኔም ስሜን መጻፍ አልችልም ነበር። የሰም ሽታ ግን ሳያስፈቅድ ይገባል፤ ገብቶም ይዞኝ የሚሄደው የአምቦው ሁሉቃ ወንዝ ዳር ነው።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ጢሜ ገና ሲያቆጠቁጥ፣ መኪና የምናጥበው እዚያ ነበር። ከባኮ በቆሎ ጭነው የሚመጡት፣ ከካቺሲ ገበያ ጭቃ ለብሰው የሚወርዱት፣ የመሥሪያ ቤቶቹም መኪኖች፣ ሁሉም ጎማቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ውሃ እንደሚጠጣ ከብት ይሰለፋሉ፤ እኛም ሱሪያችንን ጠቅልለን እንገባለን። ማጠብ ማንም ያጥባል። ሰም መቀባት ግን የአጎቴ የፈይሳ ነበር። መኪናውን ባህር ዛፍ ጥላ ሥር ያስገባዋል፤ ፀሐይ ላይ ሰም የሚቀባ ሰው ለእሱ ቅቤ እሳት ላይ ጥዶ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ነው። ኮፈኑን በመዳፉ ይነካውና ሞቆ ካገኘው እስኪበርድ ቁጭ ብሎ ወሬውን ያወራል፤ ሾፌሩ ቢቸኩል ባይቸኩል ጉዳዩ አይደለም። ከዚያ ያረጀ ካናቴራ አጣጥፎ፣ ምስር የምታህል ሰም በጣቱ አንስቶ፣ በትንንሽ ክብ እያዞረ ይሄዳል፤ አንዱ ክብ የሌላውን ጫፍ ይረግጣል እንጂ አይዘለውም። እኔ ስፈጥን «ሱታ» ይለኛል፣ ቀስ ማለቱ ነው። ሰሙ ደርቆ ጉም ሲመስል በጣቱ ጫፍ አንዴ ይሰርዘዋል፤ መስመሩ ጥርት ካለ ይጠረጋል፣ ከተለወሰ ገና ነው። ቆርቆሮው ላይ ብዙ ጽሑፍ ነበረበት። ምን ይል ይሆን እያልኩ ስንት ዘመን ኖሬ፣ ሠላሳ ካለፈኝ በኋላ ፊደል ስቆጥር መጀመሪያ የሮጥኩት ወደዚያ ቆርቆሮ ነበር፤ ለካ ጽሑፉ በእኛ ፊደል አይደለም። ደህና፣ ፈይሳም ሳያነበው ነው የኖረው።

እሱ ሠርቶ ሲጨርስ ሾፌሮች ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብለው ጠጉራቸውን ያበጥሩ ነበር። ሌላ ምስክር አያስፈልገውም።

ከዚያ ታምራት መጣ። ሚስቱ አስተማሪ ሆና አምቦ ስትመደብ ተከትሏት የመጣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ እዚያ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር አሉ። ይዞት የመጣው ማሽን ጫፉ ላይ የበግ ጠጉር ክብ ተገጥሞለት፣ ሲነሳ እንደ ተቆጣ ንብ የሚጮህ ነገር ነው። ዋናው መንገድ ዳር ላቫጆ ከፈተ፤ ፈይሳ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅበትን እሱ ሾፌሩ ምሳ በልቶ ሳይመለስ ይጨርሰዋል። ፈይሳ ማሽኑን «ወፍጮ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ቀለም ይፈጫል፣ ዛሬ ያበራና ነገ ቆርቆሮውን ያወጣዋል እያለ ለሾፌሩ ሁሉ ያወራል። ታምራትም አፉ አያንስም። የፈይሳን ሥራ ሕፃን ቅባት መቀባት ነው ይል ነበር፤ ልጁ እስኪያድግ ጠብቁ እንግዲህ ይላቸዋል። መብራት የጠፋ ቀን ታዲያ ፈይሳ ሥራ ፈትቶ፣ መንገድ ቀይሮ፣ ሆን ብሎ በታምራት ደጅ ያልፋል።

«ምነው ወፍጮው ዝም አለ? እህል አለቀ እንዴ?»

እንዲህ ሲናከሱ ዓመት ሞላቸው። ያስታረቃቸው ሽማግሌ አልነበረም፤ የአዴ ዲንቂ ስህተት ነው።

አዴ ዲንቂ፣ በአማርኛው ወይዘሮ ዲንቂ፣ የሰፈራችን ሴት ነበሩ፤ ባላቸው ኦቦ መገርሳ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ሆነው ኖረው ሞተዋል። የተዉላቸው አንዲት ልጅ፣ ለሊሴን፣ እና አንዲት ጥቁር ሰማያዊ ፔጆ ነው። መኪናዋ እሳቸው ከሞቱ ጀምሮ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ለሊሴ ባኮ ለሚሠራ የእርሻ ባለሙያ ስትታጭ እናትየው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ልጄ ከዚህ ቤት የምትወጣው በአባቷ መኪና ነው። ወንድማቸው ከአዲስ አበባ አዲስ መኪና ልከራይ ቢሏቸው ሰላምታ ነሷቸው። መካኒክ ሞተሩን አስነሳ፤ ቀለሙ ለፈይሳ ተሰጠ። ሠርጉ እሑድ ነው፤ ፈይሳ ዓርብና ቅዳሜን ለዚያች መኪና አስቀመጠ።

ሐሙስ ዕለት ታዲያ አዴ ዲንቂ፣ እኔም ለባሌ መኪና የድርሻዬን ላድርግ ብለው፣ የወንድማቸውን ልጆች ሆራ አስቀዱ። ሆራ ያ ከምድር እየፈላ የሚወጣው ጨዋማ ውሃችን ነው። ኦቦ መገርሳ በሕይወት ሳሉ ጠዋት ጠዋት እሱን ካልጠጡ ከቤት አይወጡም ነበር፤ መኪናቸውም በሚወዱት ውሃ ትታጠብላቸው ተባለ። ታጠበች፤ ሳትጠረግ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ተተወች። ሆራ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ጥሎ እንደሚቀር አምቦ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ውሃውን ከመውደዳችን የተነሣ ግን እንረሳዋለን። ዓርብ ጠዋት ስንደርስ ሰማያዊዋ መኪና ፈንጣጣ የወጣባት መስላ ጠበቀችን።

ፈይሳ በሎሚ አሸው። ነጩ ለቀቀ፣ ጠባሳው ግን ቀለሙን በልቶ ገብቷል። ይሄንን በእጅ ላውጣ ቢል ሳምንት አይበቃውም፤ የቀረን ደግሞ ዓርብና ቅዳሜ ነው። አዴ ዲንቂ በረንዳው ላይ ቆመው በእጄ አበላሸኋት፣ በእጄ አበላሸኋት ይላሉ፤ አያለቅሱም፣ ቢያለቅሱ ይሻል ነበር። ፈይሳ ካናቴራውን ትከሻው ላይ ጣለና ወጣ። ተከተልኩት። ወዴት እንደሚሄድ ሲገባኝ አፈርኩለት።

የታምራት ደጅ በሾፌር ተሞልቷል፤ የዓመቱን ስድብ ሁሉ የሰሙ ሾፌሮች።

«ወፍጮህን ይዘህ ና» አለው ፈይሳ። «የመገርሳ ልጅ እሑድ ትዳራለች። መኪናዋን ሆራ በላብን።»

ሳቁን ጠበቅኩ። እኔ ብሆን የተሰደብኩትን ሁሉ እዚያው እመልስለት ነበር። ታምራት እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ጋሼ፣ ከሶኬቱ እስከ መኪናው ሩቅ ነው እንዴ? ገመዴ አጭር ነው።»

ይኸው ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን ኖሬ ከሰው አፍ ከዚያ የተሻለ ንግግር አልሰማሁም።

ማራዘሚያ ገመድ ከጎረቤት ተለምኖ መጣ። ወፍጮ ያልነው ማሽን ያን ቀን ምን እንደሠራ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ብጠላውም መዋሸት አልችልም። ታምራት ቀለሙ የሚሳሳበትን የብረቱን ጠርዝ ሁሉ መጀመሪያ በፕላስተር ሸፈነ። ከዚያ ማሽኑን ሳይጫን፣ ሳያቆም፣ ሙቀቱን በየጊዜው በእጁ ጀርባ እየለካ ኮፈኑን፣ ጣሪያውን፣ በሮቹን ሄደባቸው፤ ጠባሳው ከሥሩ እንደ ጤዛ ጠፋ። ፈይሳ ከኋላው እየተከተለ የሄደበትን ሁሉ በመዳፉ ዳሰሰ።

የኋላውን ግራ በር ሊጀምር ሲል ለሊሴ ከቤት ወጣች። ልጅ ሳለች ወንጪ መንገድ ላይ ጋሪ ያንን በር ጭሮት፣ ኦቦ መገርሳ ራሳቸው በብሩሽ ቀብተውት ነበር፤ ከብሩሹም አንድ ጠጉር ከእጀታው ሥር ቀለሙ ውስጥ ደርቆ ቀርቷል። በሩም ከዚያ ወዲህ ከፍ ሳይደረግ አይዘጋም።

«እባክህ እዚች ጋ ተው» አለችው። «የአባዬ ብሩሽ ናት።»

አጎቷ፣ የአዴ ዲንቂ ወንድም፣ ተቆጡ። ሙሽራ የምትገባበት በር ነው፣ ያገር ዓይን የሚያርፈው እዚያ ነው፣ ጠባሳ ይዞ ሊወጣ ነው ወይ አሉ። ታምራት ጠጉሯን በጥፍሩ ዳሰሳትና ማሽኑን ከሶኬቱ ነቀለ።

«ይሄ የማሽን ሥራ አይደለም። ጋሽ ፈይሳ ይምጡ።»

ፈይሳ ካናቴራውን ትንሿ ጣቱ ላይ ጠቀለለ። በርከክ ብሎ፣ ጠጉሯ በተኛችበት አቅጣጫ ብቻ፣ አንዴም ሳያቋርጣት፣ በዙሪያዋ ያለውን ጠባሳ እየላሰ አወጣው። ፀሐዩ ዞሮ በሩ ላይ ሲያርፍ ታምራት ከቤት ጃንጥላ አስመጥቶ ራሱ ያዘለት፤ ፀሐዩ ባዘቀዘቀ ቁጥር ጃንጥላውን አብሮ እያዘነበለ ቆመ። ፈይሳ ደክሞት እጁ መፍጠን ሲጀምር ታምራት ከላይ ሆኖ «ሱታ» አለው።

ፈይሳ ቀና ሳይል፣ «ወፍጮ ይህን ቃል ከየት ተማረ?» አለ። ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እሑድ ዕለት መዘምራኑ እየዘመሩ ለሊሴ ከቤት ወጣች። ሰማያዊዋ ፔጆ ሰማዩን ተሸክማ ቆማለች። ልጅቱ ከመግባቷ በፊት ነጩን ጓንቷን አወለቀችና ጣቷን ከእጀታው ሥር አስኬደች፤ ጠጉሯን አገኘቻት። አዴ ዲንቂ ከበረንዳው አዩዋት፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ታምራትና ፈይሳ አጥሩ ሥር ጎን ለጎን ቆመው ነበር፤ ሁለቱም መኪናዋን እንጂ ሙሽራዋን አላዩም።

ፈይሳ ሞቷል። ታምራት ሚስቱ ስትዛወር ተከትሏት ሄደ፤ ማሽኑን ለእኔ ትቶልኝ ነው። አሁን በማሽን የሚሠራ ሞልቷል፣ ፕላስተር የሚለጥፍ ግን የለም፤ በእጅ የሚቀባም አይጠፋም፣ ኮፈኑ እስኪበርድ የሚጠብቅ ግን አላየሁም። ለጠላቱ ጃንጥላ የሚይዝ ሰውማ ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኔ አላረፈበትም።

የቅዳሜዋን ነጭ ፔጆ ያወቅኳት በሯን ስዘጋ ነው። የኋላው ግራ በር ከፍ ካላደረጉት አይገጥምም፤ ያኔም እንዲሁ ነበር። ከአዴ ዲንቂ ልጅ በኋላ በስንት ሰው እጅ አልፋ፣ ነጭ ቀለም ተነፍቶባት መጥታለች። በማሽኑ ሠራኋት፣ አበራች። ከዚያ ጣቴ ማንም ሳይልከው ከእጀታው ሥር ሄደ። ለስላሳ ነው፤ ጠጉሯ የለችም። ደጋግሜ አስኬድኩት፤ እንከን የሚባል የለበትም።

ባለቤቱ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ መጣና መኪናዋን ዞሮ አያት።

«አለቀች አይደል?»

«የኋላ በሯ ቀርቷል» አልኩት። ማሽኑን ነቀልኩና ካናቴራ አጣጠፍኩ።