ብስክሌት በበቅሎ

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ሰበታ ገበያ አንዲት አሮጌ ብስክሌት ልሸጥ ወጣሁ። አራት ዓመት ሙሉ ቅቤ ጭኜባት እየገፋሁ ነገድኩ እንጂ አንድም ቀን ተቀምጬባት አላውቅም። እኔ የምቀመጥበት ቦታ ሁለት ቅል ቅቤ ይይዛላ!

ኦቦ ጉደታ የሚባሉ ገበሬ ሰጋር በቅሏቸውን እየሳቡ መጡ።

“ይቺ ሳር አትበላም አሉ። በበቅሎዬ ትለውጠኛለህ?”

በቅሎዋ የብስክሌቷን ሦስት እጥፍ ታወጣለች። ልቤ ዘለለ፤ ቶሎ ብዬ እሺ አልኳቸው።

“በል ውጣና አካሄዷን አሳየኝ። በቅሎ እንኳ ባለቤቷ ሳይጋልብልኝ አልገዛም” አሉኝ ብስክሌቷን እያዩ።

አልችልም ካልኩ ልውውጡ መቅረቱ ነው። ወጣሁ። ወደ ተፍኪ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ስለሆነ ብስክሌቷ ራሷ ይዛኝ ሄደች። የጠዋቱ ጭጋግ ፊቴን እየዳሰሰ ያልፋል። የገበያው ጫጫታ ከኋላዬ ቀረ። ከፍርሃቴ የተነሳ የመንገዱን ዳር ባሕር ዛፍ መቁጠር ጀመርኩ፤ አርባ ላይ ስደርስ ቁጥሩ ጠፋኝ፤ ፍርሃቱም አብሮ ጠፋ። እንቅልፍ ውስጥ የምበር መሰለኝ።

አንድ ድልድይ ጋ መንገዱ ለጥ ሲል ብስክሌቷ ቆመች። ኦቦ ጉደታ በበቅሏቸው እየጋለቡ ደረሱብኝ።

“ማለፊያ አካሄድ አላት! በል ውረድና ልጓሙን ተቀበለኝ።”

የብስክሌቷን እጀታ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩና፣ “ኦቦ፣ ከዚህ ወዲያስ ቁልቁለት ነው?” አልኳቸው።