ከባዱን ላፕቶፕ የመረጡት ሰው

ዲላ ካለው የኮምፒውተር ሱቄ ሲገቡ ቦት ጫማቸው ላይ ቀይ ጭቃ ደርቆ ነበር። ከጨለለቅቱ የመጡ ቡና አምራች ናቸው። ወንበር ብሰጣቸው፣ "ከተቀመጥኩ አልነሳም" ብለው ቆሙ።

ላፕቶፖቹን አንድ በአንድ በሁለት እጃቸው እያነሱ መዘኗቸው። ቀጭኑን ወዲያው መለሱት። የሚሻለው እሱ እንደሆነ ብነግራቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ቀላል ቡና ሲታጠብ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ይጣላል። ከባዱን ስጠኝ።"

ከዚያ ከኮታቸው ኪስ በፕላስተር የተጠጋገነ ወረቀት አወጡ። ልጃቸው የጻፈችው ነው፤ "ራም ሁለት ጊጋ፣ ሃርድ ዲስክ መቶ ስልሳ" ይላል።

"አባቴ፣ ይሄ የድሮ ነው። ሁለት ጊጋ አሁን ለተማሪ አይበቃም። ደውለን እንጠይቃት?"

"ተማሪ አይደለችም። ተመርቃ ሥራ ከያዘች አራት ዓመት ሆናት።"

"ታዲያ ላፕቶፑ?"

ወረቀቱን በድሮው እጥፋት መልሰው አጠፉት።

"ዩኒቨርሲቲ ስትገባ እገዛልሻለሁ ብያት ነበር። አንዱን ዓመት ቡናው ታመመ፤ አንዱን ዓመት እኔ። በሰው ኮምፒውተር ጨረሰች።"

ከባዱን ላፕቶፕ ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

"እሷማ ጨርሳለች። ያልጨረስኩት እኔ ነኝ።"