ከቀንድ ድምፅ እስከ ቅል ሐረግ

የኅዳር ጽዮን ማግስት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ከአሶሳ ወደ መንጌ መንገድ ጀመርን። ከጎጃም ወጥቼ ከነጋዴው ባለቤቴ ጋር በዚህ ቆላ ከተቀመጥኩ ወዲህ ያለ እሱ ስጓዝ የመጀመሪያዬ ነው። የሄድኩት ጎረቤቴን ሐሊማን ባሏ ዘንድ ለማድረስ ነው። ባሪያ ፈንጋዮች መንደሯን በመቱ ጊዜ ሸሽታ አሶሳ አክስቷ ቤት ገብታ ነበር። አሁን ባሏ በሽር ቤቱን ዳግም ሠርቶ፣ "ለመከር በዓል ካልመጣሽ ሽማግሌዎቹ ሌላ አግባ ብለው ይዘውኛል" ሲል ላከባት። ሐሊማ ባሏን ትወደዋለች፤ መንደሩን ግን ፈራች።

"እትዬ ካልሄደ እኔም አይሄድም" አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። እሺ አልኩ።

በሽመል ጫካ ውስጥ

መንገዱ በሽመል፣ በቆላው ቀርከሃ፣ መሀል ነው። ነፋስ ሲነካው ጫካው ከዳር እስከ ዳር ይንሿሿል። ረፋዱ ላይ ሙቀቱ በረታና የሐሊማ ከንፈር ደረቀ። የውሃ ቅሌን ዘረጋሁላት፤ ፊቷን አዞረች። አሶሳም ሳለን ከቅሌ ጠጥታ አታውቅም። የክርስቲያን ዕቃ ተጠይፋ ይመስለኝ ነበር። እኔም የእስላም ሥጋ ስለማልበላ አልተቀየምኳትም።

"ውሃ ጥም ሊገድልሽ ነው እኮ! ያሰርኩበትን መስቀል ልፍታልሽ?"

"መስቀል ምን አደረገኝ? ወላሂ፣ አንገቱ ነው።"

"የቅሉ አንገት?"

"ቀንድ ይመስላል።"

በመዳፌ እያፈሰስኩ አጠጣኋት፤ ያኔ ነገረችኝ። ፈንጋዮቹ የመጡት ቀንድ እየነፉ ነው። መጀመሪያ የፈራችው ያንን ድምፅ ብቻ ነበር። በኋላ የገዛ ወገኖቿ በርታዎች በመከር የሚነፉት ዋዛ፣ ከቅል የሚሠራው ረጅም መለከት፣ ድምፁ ከዚያ ቀንድ ጋር ተመሳሰለባት። ዋዛው ቅል ነውና ቅል ያስደነግጣት ጀመር።

ወንዝ ዳር ወርቅ የሚያጥቡ ሴቶች ለቁራጭ አሞሌ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ሰጡን፤ ቅቤ ስላልነበረበት ለጾሜ ተመቸኝ። ከዚያ አለፍ ብሎ አንድ አጥር ላይ የቅል ሐረግ ተንጠላጥሏል። ሐሊማ መንገዱን ትታ በእሾሁ መሀል ዞረች። ሐረጉ ገና ነጭ አበባ ነበር፤ አንድ ፍሬ እንኳ የለበትም። አማተብኩ። በማንም ላይ ክፉ ያልሠራ አበባ ድረስ ያ የቀንድ ድምፅ እንዴት ተጉዞ መጣ?

መንደሩ አፋፍ

በማግስቱ ቁልቁል መንደሩ ሲታየን፣ የዋዛ ነፊዎች ለበዓሉ ይለማመዱ ነበር። ሐሊማ አፋፉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። "እንመለስ" አለች። እኔ ብቻዬን ወርጄ ለበሽር እናት ለአሚና ነገርኳት። አሚና የገበያ አማርኛ ትችላለች።

"ቅል ፈራ?" ብላ ሳቀች። "የበሽር ራስ ተላጭቶ ቅል ነው፤ እሱን እንዴት አገባ?" ወዲያው ሳቋ ቆመ። ነፊዎቹን ዝም አሰኝታ፣ አንድ ዋዛ ይዛ ከልጇ ጋር ወጣች።

ዋዛ አንድ ቅል አይደለም፤ ብዙ የቅል ቁራጭ እርስ በርሱ ተሰካክቶና ታስሮ የሚሠራ ነው። አሚና ራቅ ብላ ተቀመጠችና ማሰሪያውን ፈታች። ከሰፊው አፍ ጀምራ ቁራጮቹን ሣሩ ላይ ደረደረች። ቋንቋቸውን ጥቂት ጥቂት እሰማለሁ።

"እዪው፣ ልጄ፣ ውስጡ የተቀመጠ ሰው የለም" አለቻት።

ሐሊማ ትንሹን ቁራጭ መጀመሪያ በእግሯ ጣት ነካችው፤ ቆይታ በእጇ አነሣችው። በሽር ሁለቱን ሰክቶ ቀስ ብሎ ተነፈሰበት። እሷ እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ ትንፋሹ ሲገባና ሲወጣ አዳመጠች። "ጨምር" ስትል አንድ ይሰካል፤ "ቆይ" ስትል ያወርደዋል። ማንም አላቻኮላትም። ዋዛው ዳግም ሙሉ የሆነው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው።

ከዚያ ወደ መንደሩ ይዘናት ወረድን፤ ሁሉም ነፊዎች ተሰለፉ። እያንዳንዱ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ሲቀባበሉት ግን ከእግሬ በታች መሬቱ አጉረመረመ። ሐሊማ ክንዴን በጥፍሯ ያዘችኝ። ኋላ ለቀቀችኝና ሴቶቹ ወደሚጨፍሩበት ገባች። እንባዬ መጣ፤ አምላክ የሰውን ልብ ሲሠራ ምን ያህል ጥልቅ አድርጎ ቆፈረው አልኩ።

አሶሳ

ከነጋዴዎች ጋር ተመልሼ ቤቴ ገባሁ። የሐሊማ ፍርሃት ከአንድ ነገር ወደሚመስለው ሌላ ነገር እየተሻገረ ሄዶ ነበር፤ ሲመለስም ያንኑ መንገድ በእግሩ መመለስ ነበረበት። ድሮ ለፈራ ሰው ስጸልይ፣ ፍርሃቱን አርቅለት ብዬ ጸሎቴን እዘጋ ነበር። አሁን ግን፣ ቀኑ እስኪመሽ አብሮት የሚቀመጥ ሰው ስጠው የሚለውን እጨምራለሁ።