ተማም ያላየው ፊልም

ባሌ ተማም ድሬዳዋ የሚመጣውን ፊልም ከሲኒማ ቤቱ ባለቤት ቀድሞ ያውቃል። ጉራ አይደለም፣ ሥራው ነው። ባቡር ጣቢያ ዕቃ ክፍል ውስጥ ሸክም ያወርዳል። ፊልሙ ከአዲስ አበባም ይምጣ ከጅቡቲ፣ በክብ የቆርቆሮ ጣሳ ታሽጎ፣ የማስታወቂያው ወረቀት ተጠቅልሎ ከላዩ ታስሮ፣ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ እጅ ላይ ነው። ሌላው ተሸካሚ ጣሳውን አስቀምጦ ወደ ስኳር ማውረዱ ይሄዳል። የኔው ጉድ ግን ወረቀቱን በጫፉ ገለጥ አድርጎ ካላየ እንጀራ አይወርድለትም።

ካየ በኋላማ ማን ይያዘው! ከጣቢያው እስከ መጋላ ቤታችን የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ተማም አዲስ ፊልም ያየ ቀን ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ለጋሪ ነጂው ይነግራል፣ ለሳምቡሳ ሻጯ ይነግራል። ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አህያውን የሚነዳ የዋሂል ገበሬ ካገኘም፣ በዕድሜው ሲኒማ ደጅ ደርሶ የማያውቀውን ሰውዬ፣ እሱንም ያቆመዋል። «አቦ ስማኝ! የሚመጣው ሳምንት ጎራዴ ያለበት ነው!» ገበሬው ምን ያድርግ፣ «ማሻ አላህ» ብሎ አህያውን ቸብ ያደርጋል።

እኔ ሲኒማ አልሄድም ነበር። እኛ ግቢ ካለነው ሴቶች የሚሄድ የለም። ስለዚህ ተማም ቅዳሜ ያየውን እሁድ ከሰዓት ግቢው መሀል ቆሞ ይነግረናል። ይነግረናል ስል ተቀምጦ እንዳይመስላችሁ። ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ይሞታል፣ ከዚያ ተነስቶ ገዳዩን ይሆናል። የህንድ ፊልም ከሆነ ይዘፍናል። አንዲት የህንድ ቃል አያውቅም፣ ግን አፉን ሞልቶ ይዘፍናል። አጠገባችን ያለው ክፍል ውስጥ የምትኖረው ሸዋገነት፣ ባሏም የባቡር ሠራተኛ ነው፣ «በስመአብ! ይሄ ሰው ለይቶለታል» ትላለች። ከሁሉ ቀድማ በርጩማዋን ይዛ የምትቀመጠው ግን እሷው ናት።

መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ ያወራል አልኩ እንጂ፣ አንድ ሕግ ነበረው። መጀመሪያ የምትሰማው ልጃችን ሰምሰም ናት። በእናቱ ስም ነው የሰየማት፣ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከቁርዓን ቤት ስትወጣ ጣቢያው በር ላይ ሄዳ ትጠብቀዋለች፣ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ይነግራታል፣ ከዚያ በኋላ ነው ለድሬ ሕዝብ የሚታወጀው። ግቢ ስትገባ አንገቷን ቀና አድርጋ «እኔ ከማንም በፊት አውቄያለሁ፣ አልነግራችሁም» ትላለች። ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ትነግራለች። ሆዷ ምንም አይችልም ነበር፣ አባቷን ቁርጥ።

በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ላይ፣ ዑመርን ወለድኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሰምሰምን ንዳድ ጣላት። አልለቅ ሲላት ሐኪሙ አዲስ አበባ ውሰዷት አለ። እኔ አራስ ነኝ። አርባ ቀኗ ያልሞላ ሴት ከደጅ አትወጣም፣ ባቡር ላይማ ማን ያወጣታል። እናቴም፣ ተማምም፣ የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎችም ባንድ አፍ «አይሆንም» አሉ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ማለቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ቢጫ ሻሿን አሰርኩላት፣ ተማም አቅፏት ወጣ፣ በትከሻው ላይ ሆና ወደ ኋላ አየችኝ።

በማግስቱ ሻሹን ይዞ ብቻውን ተመለሰ።

«ኤረር ጣቢያን እንዳለፍን ጭኔ ላይ ተኛች» አለኝ። «በዚያው አልነቃችም። አልተጨነቀችም፣ ምንም አልጠየቀችም። አፍደም ስንደርስ አወረድኳት። የጣቢያው ሰዎች አጠቡልኝ፣ እዚያው ቀበርናት።»

ድገመው አልኩት። ደገመው። አሁንም ድገመው አልኩት። ሦስቴም አንዲት ቃል ሳይለውጥ ነገረኝ። እኔ ሬሳዋን አላየሁም፣ መቃብሯን አላየሁም። ከልጄ የመጨረሻ ቀን እጄ ላይ የቀረው ይቺው የተማም ወሬና ሻሹ ነው።

አላለቀስኩም። ለቅሶ የመጡት ሴቶች ሲያዩኝ ፈሩ። «ልቧ ውስጥ ቀርቶባት ነው፣ ይወጣል» አሉ። አልወጣም። እግር ላይ ተቀምጠው ሲደነዝዝ እንዴት ነው? ቢቆነጥጡትም የሰው ነው። እኔ ሙሉ በሙሉ እንደዚያ ሆንኩ። ዑመርን አጠባለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ እንዴት አደርሽ ሲሉኝ አልሃምዱሊላህ እላለሁ። ሽንኩርቱ እንኳን አያስለቅሰኝም ነበር፣ ወላሂ።

ተማም ግን ሐዘናችን አልፎ ወር ሳይሞላ ወደ ሲኒማው ተመለሰ። ሰው ልጁን ቀብሮ ፊልም ያያል? ሰፈሩ አማው፣ እኔም በሆዴ አማሁት። እሱ እቴ! ጭራሽ ባሰበት። ፊልሙ አልበቃው ብሎ ከተማውን እየዞረ አዲስ ነገር ይለቅምልኝ ጀመር።

«ሸፊቃ! ከዚራ ላይ አርመኑ ጀላቲ የሚሠራ ማሽን አስመጣ!» ብሎ ብርጭቆ ይዞ እየሮጠ ይመጣል። በዚያ ሙቀት ደቻቱን አቋርጦ እስኪደርስ ጀላቲው ስኳር ውሃ ሆኗል። ጠጣሁት። ጣፋጭ መሆኑን አውቄያለሁ፣ ሌላ ምንም። ሌላ ቀን ሳቢያን ካለው የአትክልት ቦታ የራሱን ጭንቅላት የሚያክል ፓፓያ ታቅፎ መጣ። ደግሞ አንድ ቀን የየመኑ ባለሱቅ በቀቀን ማስመጣቱን፣ በቀቀኑም በአራት ቋንቋ እንደሚሳደብ በደስታ ሊሞት ደርሶ ነገረኝ።

«በሶማሊኛ ሲሳደብ ብትሰሚው! ዋሪያ ብሎ ነው የሚጀምረው!»

«እሺ» አልኩት።

ድሮ ቢሆን በአማርኛስ ምን ይላል ብዬ አልጠይቅም ነበር? አልጠየቅኩትም። ትንሽ ቆሞ ጠበቀኝና ዑመርን አንስቶ ወጣ።

አንድ ፊልም ብቻ ቀረበት። ዝሆን ያለበት የህንድ ፊልም ነው። መጀመሪያ የመጣው እኛ ሐዘን ላይ ሳለን ነበር። ሰው ስለወደደው በዓመቱ ተመልሶ መጣ፣ ሁለት ሳምንት ታየ፣ ከተማው ግልብጥ ብሎ ሄደ። ግቢያችን ያሉት ሴቶች እሁድ በርጩማቸውን አወጡ። ተማም «ራሴን አሞኛል» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። በሁለተኛውም እሁድ ራሱን አመመው። ሸዋገነት በሩ ላይ ቆማ «አንተ ሰውዬ፣ ዝሆናችንን በላኸው እንዴ?» ስትለው እንኳን አልሳቀም። ገረመኝ፣ ግን መጠየቅ ደከመኝ።

በሃምሳ አራት፣ ጥር ላይ፣ የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ቅዳሜ ከሰዓት ለሴቶች ብቻ ማሳየት ጀመረ። ሸዋገነት መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተነሽ፣ ነጠላሽን ልበሺ።»

«አቦ ተይኝ።»

«አልተውሽም። እንዲሁ ደርቀሽ ልትቀሪ ነው? ተማም የነገረን፣ ያቺ አምባር ሻጯ ያለችበት ነው። ተመልሶ መጥቷል። ታሪኩን ስለምታውቂው አይቸግርሽም።»

ዑመርን ለእናቴ ሰጥቼ ሄድኩ። ታሪኩን በደንብ አውቀዋለሁ። አምባር የምትሸጥ አንዲት ሴት ልጇ ገበያ መሀል ይጠፋባታል። ስትፈልገው ዓመታት ያልፋሉ። በመጨረሻ ለልጇ ትዘፍንለት የነበረውን ዘፈን መንገድ ዳር ቆማ ስትዘፍን ልጁ ይሰማታል፣ ሰዉን እየገፈተረ ሮጦ መጥቶ አንገቷ ላይ ይጠመጠማል። ተማም ይሄን የነገረን ቀን ግቢው በእልልታ ተናግቶ ነበር። ሰምሰም ጭኔ ላይ ተቀምጣ እጇ እስኪቀላ አጨበጨበች።

ፊልሙ እሱ እንዳለው ሄደ። ሴትየዋ አምባሯን ሸጠች፣ ልጁ ጠፋ፣ ፀጉሯ ሸበተ። መንገድ ዳር ቆማ ዘፈነች። ልጁ ሰማት። መንገዱን በሩጫ ሲያቋርጥ የፈረስ ጋሪ ገጨው።

እስኪነሳ ጠበቅኩት። ተማም ሲነግረን አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበርና ይነሳል ብዬ ቁጭ አልኩ። እናትየዋ መሬት ላይ ተቀምጣ ራሱን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ዘፈኑን ጨረሰችው፣ መብራቱ በራ። አዳራሹ በሙሉ ይነፋረቃል። ሸዋገነት በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። የኔ ዓይን ደረቅ ነው።

«ይሄ ውሸታም!» አልኩ።

«ማን?»

«ተማም ነዋ! ልጁ ያገኛታል አላለንም?»

ሸዋገነት ትክ ብላ አየችኝ። «የኔ እህት፣ አታውቂም እንዴ? ተማም እኮ ልጅ አይገድልም። አብሮት የሚያየው ባሌ ሁልጊዜ ይስቅበታል። ሰምሰም ተቀምጣ እየሰማች እንዴት ልግደል አለው አሉ፣ ያኔ። በዚያው ለመደበት።»

ግቢው ሁሉ ያውቃል። እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው።

ወደ ቤት ስንመለስ ደቻቱን በአሸዋው ላይ አቋረጥን። ሸዋገነት ታወራለች፣ እኔ አልሰማትም። አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ተማም አንድን ፊልም ሁለቴ አንድ ዓይነት አድርጎ ነግሮ አያውቅም። አንዴ ፈረሱ ጥቁር ነው፣ አንዴ ነጭ ነው፤ እኛም እየሳቅን እናርመዋለን። የሰምሰምን ግን ሦስቴ ነገረኝ፣ ሦስቴም ቃሉ አልተለወጠም። በቃሉ ይዞት ነበር የመጣው።

ስገባ ተማም ለዐስር ሶላት እግሩን እየታጠበ ነበር። ሲያየኝ ፊቱ በራ። ሲኒማ ሄጄ መምጣቴ ደስታው ሆነ።

«አየሽው? እንዴት ነበር? አዳራሹን አየሽው? ወንበሩ እኮ ይታጠፋል!»

«ልጁ ሞተ» አልኩት።

ውሃውን ማፍሰስ ተወ።

«አፍደም ላይ ምን ሆነ ተማም?»

«ነግሬሻለሁ እኮ።»

«የነገርከኝን አውቀዋለሁ። የሆነውን ነው ያልኩህ።»

ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። እኔን አላየኝም፣ እርጥብ እግሩን ነበር የሚያየው።

«አልተኛችም» አለ። «አፍደም ስንደርስ ነቅታ ነበር። እዚያ ላይ ከአዲስ አበባ የሚወርደውን ባቡር ጠብቀን ነው የምናልፈው። መጣና ጎናችን ቆመ። ዕቃ የሚጭነው ፉርጎ በሩ ተከፍቶ ነበር፣ ከመስኮቱ ሆና የፊልሙን ጣሳ አየችው። አባ፣ ሂድና እይልኝ አለችኝ። ኋላ አልኳት። ሌላ ሰው ሳይሰማ አለችኝ።»

«ሄድክ።»

«ሄድኩ። ፈገግ ብላ ነበር፣ ሸፊቃ። ትኩሳቱ የለቀቃት መሰለኝ። የፉርጎውን ጠባቂ አውቀዋለሁ፣ ወረቀቱን ፈታልኝ። ትልቅ ዝሆን ተስሎበታል፣ ግንባሩ ላይ አበባ ያለው። ከሰውዬው ጋር ትንሽ አወራሁ። ሲጋራ ሰጠኝ፣ አጨስኩ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ሮጥኩ፣ ከመስኮቱ ሥር ሆኜ ጠራኋት። ስወጣ ትንፋሿ የለም።»

«ብቻዋን ነበረች?»

«ብቻዋን።»

ተናደድኩ። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ተናደድኩ፣ ፊቴ ጋለ። ማንቆርቆሪያውን በእግሬ አልኩት፣ ግድግዳው ድረስ ተንከባለለ። «ሲጋራ አጨስክ! ልጄን ብቻዋን ትተህ ወሬ ያዝክ! ጭኔ ላይ ተኛች አልከኝ! ጭኔ ላይ!» ሸዋገነት በሩ ላይ ብቅ ብላ ተመልሳ ገባች። ጮኼ ጮኼ ሲያልቅብኝ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ዝሆኑን ያላየኸው ለዚህ ነው?»

አዎ በሚል ራሱን ነቀነቀ።

«ምን ብለህ ነው የጠራሃት?»

«ተይ ሸፊቃ።»

«ንገረኝ። እንዳትለውጠው።»

ተነሳ። እሁድ እሁድ የሚቆምበት ቦታ ላይ ነበር፣ እጆቹ ግን ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። ያ ግቢውን በድምፁ የሚሞላ ሰውዬ አጠገቡ ላለሁት ለእኔ እንኳን በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ፣ «ሰምሰም፣ ዝሆን ነው፣ ዝሆን» አለ።

«ሰምታህ ይሆን?» አልኩት።

ሰምታ ነበር ቢለኝ፣ ያን ሁሉ አውቄም አምነው ነበር። እሱም ያውቀዋል። ማንቆርቆሪያውን ከግድግዳው ሥር አንስቶ አቆመው።

«አላውቅም» አለኝ።

ያኔ አለቀስኩ።