ሻደይ የታጠቀችው ላንድሮቨር

ባለፈው ሳምንት ከሰቆጣ ወደ ወልድያ የተሳፈርኩባት ሚኒባስ ገና ከከተማው ወጥታ ዳገቱን ስትይዝ ሞተሯ ጋለና ቆመች። ሾፌሩ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ወርዶ ኮፈኑን ሲከፍተው ያ የዛገ ብረትና የፈላ ውሃ ሽታ ያለው እንፋሎት በመስኮቱ ገብቶ ፊቴን መታኝ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሲያማርር እኔ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ጤንነቴን ሳትጠራጠር አልቀረችም። ምን ላድርግ፣ ያ ሽታ ለእኔ የአባቴ ሽታ ነው።

አባቴ ደሃና ወረዳ ስንኖር አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ነበረችው፤ አንድ በሯ በገመድ የሚታሰር፣ በገበያ ቀን ገብሱንም ሰውንም ፍየሉንም አደባልቃ ሰቆጣ የምታደርስ። ሰው ላይ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም፤ ቁጣው ሁሉ መኪናዋ ላይ ነበር። ሲያመሰግናት በአማርኛ፣ ሲሰድባት በኽምጣና ነውና እኛ ከኋላ ተቀምጠን መንገዱ ምን እንደሚመስል ከቋንቋው እናውቅ ነበር። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስለሞተች ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ዝናሽ ናት። ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ፣ አባቴ ሲመሽበት ራቱን ከድና የምትጠብቀው እሷ፣ የቤቱን ቁልፍ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውም እሷ ነበረች።

መኪና ሲግል አባቴ የማያዛንፈው ሥርዓት ነበረው፤ እኔንም እንደ ዳዊት አስጠንቶኛል። መጀመሪያ ጠብቆ፣ ሲበርድ የራዲያተሩን ውሃ ማየት፤ ሳይበርድ ክዳኑን የሚነካ ሰው ፊቱን የጠላ ነው ይል ነበር። ቀጥሎ ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣት መጫን፣ ከላላ ማራገቢያው ይሰንፋልና። ከዚያ የላዩንና የታቹን የውሃ ጎማ መዳሰስ፤ የላዩ ግሎ የታቹ ከቀዘቀዘ ውሃው አልዞረም ማለት ነው፣ ውሃውን የሚያሳልፈውን ቴርሞስታት ጠርጥሪ። ሁለቱም ከጋሉ ግን ውሃው እየዞረ ነው፤ የጎደላት ነፋስ ነውና ሌላ ነገር ሳትነኪ ዞረሽ ፊቷን እዪ። የሰፈሩ ልጆች ተረት ሲሰሙ እኔ ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

ዝናሽ ወልድያ ነርስነት ልትማር የሄደችው በሻደይ በዓል ሰሞን ነው። ልጃገረዶቹ ሻደይ የሚባለውን ረጅም ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ ታጥቀው ሲጨፍሩ ሰንብተው ነበርና፣ በመሄጃዋ ቀን ጓደኞቿ ተጠራርተው መጡ፤ እህታችንን ባዶ መኪና አይወስዳትም ብለው፣ ከየወገባቸው የፈቱትንም አዲስ ያጨዱትንም ሻደይ ከመብራት እስከ መብራት ደራርበው የላንድሮቨሯ ፊት ላይ አሰሩት። አቤት ስታምር! አባቴ ከንፈሩን በእጁ ሸፍኖ ሲያይ ቆየና ሞተሩን አስነሳ። እኛ ሦስታችንና ሰቆጣ ጉዳይ ያላቸው ጎረቤታችን አባ ወልዴ ሆነን ወጣን።

የወልድያው አውቶቡስ ከሰቆጣ የሚነሳው በማግስቱ ንጋት ላይ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ምዝገባም በዚያው ቀን ያበቃል። ዝናሽ ያን አውቶቡስ ካጣች ቦታዋን አጣች። አውቶቡሱን ካገኘች ደግሞ አባቴና እኔ ብቻችንን ቀረን። ይህን ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ ያነሳው ሰው ግን አልነበረም።

የመጀመሪያውን ዳገት ሳንጨርስ እንፋሎቱ ወጣ። አባቴ ኮፈኑን ከፈተ፣ እስኪበርድ ጠበቀ፣ ከወንዝ በጀሪካን ያስቀዳውን ውሃ ሞላ፣ ቺንጋውን ተጫነ፣ የውሃ ጎማዎቹን ዳሰሰ። ከላዩም ከታቹም እጁን ቶሎ ሲያነሳ አይቻለሁ፤ ሁለቱም ግለዋል። አሁን ወደ ፊቷ ይዞራል ብዬ ስጠብቅ ቴርሞስታቱ ነው አለና መፍቻውን አወጣ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ጨርቅ ላይ እየደረደረ፣ እያንዳንዱን እየጠረገ፣ እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲሠራ አይቼው አላውቅም። አባ ወልዴ ከጥላው ሥር ሆነው ጸሎታቸውን ጨርሰው እንደገና ጀመሩ። ገጣጥሞ ተነሳን፣ ቀጣዩ ዳገት ላይ እንደገና ፈላች፤ አሁን ደግሞ የውሃ ፓምፑ ሳይሆን አይቀርም አለ። ዝናሽ አንድ ጊዜ ፀሐይዋን፣ አንድ ጊዜ አባቴን ታያለች። እንድትሄድ አልፈልግም፣ እንዲህ ስትጨነቅ ማየትም አልቻልኩም።

«አባባ፣ ፊቷንስ አላዩትም?» አልኩት።

«ዝም በይ!» አለኝ።

በሕይወቴ ተቆጥቶኝ አያውቅም ነበር። ዝናሽ እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያ ወደ መኪናዋ ፊት ሄዳ ተንበረከከችና ሻደዩን መፍታት ጀመረች። አባ ወልዴ ትንሽ እንኳ ተይላት እንጂ ቢሏት አልሰማቻቸውም። ቋጠሮውን በጥፍሯ፣ እምቢ ያለውን በጥርሷ እየፈታች፣ ራዲያተሩ ውስጥ የተሰነቀረውን ቅጠል እየመዘዘች፣ ሁሉንም ሰብስባ ከመንገዱ ዳር አስቀመጠችው። አባቴ መፍቻውን እንደያዘ ቆሞ ያያታል፤ አላገዛትም፣ አልከለከላትምም። ከዚያ ወዲያ ላንድሮቨሯ አንዴም ሳትፈላ ሰቆጣ አደረሰችን፤ አባቴም በአማርኛም በኽምጣናም አልተናገራትም። በማግስቱ ዝናሽ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ እኔ አንገት ላይ አድርጋ ተሳፈረች።

ነርስ ሆነች፣ እዚያው አገባች፣ ወለደች። መጀመሪያ በየክረምቱ ትመጣ ነበር፣ በኋላ በየሁለት ዓመቱ፣ አሁን ስልክ ነው። አባቴ አርጅቶ መንዳት ካቆመ በኋላ አንድ ቀን ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ሲሞቅ ላሾፍበት ብዬ፣ ያን የሚያህል ሾፌር የመኪናዋ አፍንጫ ላይ የተከመረ ቅጠል እንዴት ሳይታየው ቀረ አልኩት። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

«አይቼዋለሁ» አለኝ። «ገና የመጀመሪያው ዳገት ላይ አይቼዋለሁ። እሷ ባትፈታው እኔ አልፈታውም ነበር።»

እሱም ካለፈ ቆየ። ዛሬ ልሄድ ነው ብዬ ለማንም ብናገር መልካም መንገድ ይለኛል፣ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ክፉ ቃል አይወጣቸውም። እንዳልሄድበት ብሎ ደህና ሞተር የሚፈታታ ሰው ግን የለኝም።